ጆን ሎጊ ቤርድ፦ በጥራጊ ዕቃ ቴሌቪዥን የሠራው ሰው

በእኛ ክፍል ስለ ቴሌቪዥን ስንማር ታሪኩ የሚጀምረው ከኤሌክትሮን ጨረር ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ሜካኒካል ቴሌቪዥን ቢበዛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። የተሸነፈ ቴክኖሎጂ ስለሆነ ይመስለኛል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። በተለይ ከተበላሸ ሬድዮና ከወላለቀ ኮምፒውተር ዕቃ እየለቀመ የራሱን ነገር መሥራት የሚወድ ተማሪ የዚያን ዘመን ሰው ቢያውቅ ይጠቀማል ባይ ነኝ። ለዚህ እትም ጆን ሎጊ ቤርድን የመረጥኩት ለዚህ ነው።

ቤርድ ኦገስት 13 ቀን 1888 ስኮትላንድ ውስጥ ሄለንስበርግ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተወለደ (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ ቄስ ነበሩ። ከልጅነቱ ጀምሮ በሽታ የማይለየው፣ ግን እጁ የማያርፍ ልጅ ነበር፤ ከመኝታ ክፍሉ እስከ ጓደኞቹ ቤት ሽቦ ዘርግቶ የራሱን ስልክ አቋቁሞ ነበር። ግላስጎው ገብቶ ኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማረ። አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣና ዩኒቨርሲቲውን አቋረጠ፤ ዲግሪውንም ሳይዝ ቀረ። ለውትድርናም ጤናው አይፈቅድም ተብሎ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ የሞካከረው ሥራ እንዲያው ግርም ይላል። መብራት ኃይል ኩባንያ ተቀጥሮ ሳለ ከካርቦን አልማዝ ለማውጣት ኃይለኛ ከረንት ለቀቀና የአካባቢውን መብራት አጠፋው ይባላል። ካልሲ ሸጠ። ትሪኒዳድ ድረስ ሄዶ ማርማላት ሠራ። ለንደን ተመልሶ ሳሙና ነገደ። በየመሀሉ እየታመመ አንዱም አልዘለቀለት። በ1923 ደግሞ ለጤናው ብሎ በደቡብ እንግሊዝ ወደምትገኘው ሄስቲንግስ ሄደ። ቴሌቪዥን የመሥራቱን ሥራ የተያያዘው እዚያ፣ በኪራይ ክፍል ውስጥ ነው።

ዕቃዎቹ ምን እንደነበሩ ልዘርዝር፦ የባርኔጣ ካርቶን፣ ባዶ የሻይ ቅጠል ሳጥን፣ የብስክሌት መብራት ሌንስ፣ መቀስ፣ ወፍራም የስፌት መርፌ፣ ሙጫና የማኅተም ሰም። ሐሳቡ ራሱ የእሱ አልነበረም። ጀርመናዊው ፓውል ኒፕኮው በ1884 ፓተንት ያወጣበት ነው። ክብ ዲስክ ላይ ቀዳዳዎች በጥምዝምዝ ይበሳሉ፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ ከፊተኛው ትንሽ ወደ መሀል ገባ ይላል። ዲስኩ ሲሽከረከር ቀዳዳዎቹ ተራ በተራ በምስሉ ላይ አንዳንድ መስመር እየሳቡ ያልፋሉ። ከኋላ የተቀመጠ ፎቶሴል የሚደርሰውን ብርሃን ወደ ከረንት ይለውጣል። በመቀበያው በኩል ተመሳሳይ ዲስክ ከኒዮን አምፖል ፊት ይሽከረከራል፤ አምፖሉ እንደ ሲግናሉ ይደምቃል፣ ይደክማል፤ የቀረውን ዓይናችን ይጨርሰዋል። እኔና አንድ የክፍሌ ልጅ ይህንኑ በወፍራም ካርቶን ሞክረነዋል። አንድ ቀዳዳ የፀጉር ያህል ከቦታው ዝንፍ ካለ ምስሉ ላይ ጥቁር መስመር ይታያል። ቤርድ በመቀስና በመርፌ እንዴት እንዳስተካከለው ይገርመኛል።

ታዲያ ኒፕኮው ለምን አልሠራውም? ከፎቶሴሉ የሚወጣው ከረንት እጅግ ደካማ ስለሆነ ነው። በኒፕኮው ጊዜ ይህን የሚያጎላ አምፕሊፋየር አልነበረም፤ በቤርድ ጊዜ ግን የቫኪዩም ቲዩብ ተገኝቷል። ያም ሆኖ ብዙ ብርሃን ያስፈልግ ነበር። ሰው ያን ሙቀት ስለማይችለው ቤርድ የአሻንጉሊት ጭንቅላት አስቀመጠ። በ1924 ሄስቲንግስ ላይ ወደ 1000 ቮልት የሚጠጋ ኤሌክትሪክ መታው። እጁ ተቃጥሎ ተረፈ፣ የቤቱ ባለቤትም እንዲለቅ ነገሩት።

ለንደን ፍሪዝ ስትሪት ላይ ሰገነት ተከራየ። ኦክቶበር 2 ቀን 1925 የአሻንጉሊቱ ፊት ከነጥላውና ከነብርሃኑ ታየ። ቤርድ ወደ ታች ሮጦ ዊልያም ቴይንተን የሚባል የ20 ዓመት የቢሮ ሠራተኛ አመጣና መሣሪያው ፊት አስቀመጠው። በጃንዋሪ 26 ቀን 1926 ሥራውን ለሮያል ኢንስቲትዩሽን አባላት አሳየ። በ1927 ከለንደን ግላስጎው በስልክ መስመር፣ በ1928 ደግሞ አትላንቲክን አሻግሮ ኒውዮርክ አጠገብ ምስል አደረሰ።

ቢቢሲ በ1929 የቤርድን 30 መስመር ማሰራጨት ጀመረ። በ1930 ለገበያ የቀረበው መቀበያ ወደ 1000 ገደማ ቢሸጥ ነው። አቅም ያጠረው ግን ዲስክ፣ ሞተርና ኒዮን አምፖል ገዝቶ ከቤቱ ሬድዮ ጋር አገናኝቶ ራሱ ይሠራ ነበር። ይህን ያስቻለው ሲግናሉ ጠባብ መሆኑ ነው፤ በሰከንድ 12.5 ምስል ብቻ ስለሆነ ተራ የሬድዮ ሞገድ ይበቃዋል። ምስሉ ትንሽና ብርቱካንማ ነበር። ሲግናሉ ጠባብ በመሆኑም ቤርድ በ1927 እንደ ሙዚቃ በሸክላ ሊቀዳው ሞከረ። በጊዜው ደህና ምስል መልሶ ሊያወጣበት አልቻለም። ከ1980ዎቹ ወዲህ ግን ሸክላዎቹ በኮምፒውተር ተጣርተው የአሻንጉሊቱ ፊት ተገኘ። እንግዲህ ዛሬ ቤታችን ሰርቨር ላይ የምናከማቸው ቪዲዮ ሁሉ ታላቅ ወንድም ቢኖረው ያ ሸክላ ነው።

ውድቀቱም የመጣው ከዚያው ከዲስኩ ነው። በኖቬምበር 1936 ቢቢሲ ከአሌክሳንድራ ፓላስ ሁለት ሥርዓት እያፈራረቀ ማሰራጨት ጀመረ፦ የቤርድ ኩባንያ 240 መስመር፣ የማርኮኒ ኢ.ኤም.አይ. ሙሉ ኤሌክትሮኒክ 405 መስመር። የቤርድ ስቱዲዮ ምስሉን መጀመሪያ በፊልም አንስቶ፣ ፊልሙን እዚያው አጥቦ፣ ከዚያ ነበር በዲስክ የሚያነበው። ካሜራው ከቦታው አይነቃነቅም። በዚያው ወር በ30ኛው ቀን የኩባንያው ላቦራቶሪ ያለበት ክሪስታል ፓላስ ተቃጠለ። በፌብሩዋሪ 1937 ቢቢሲ የቤርድን ሥርዓት ተወ። መቼም እሳቱ ነው ያጠፋው የሚል አለ። እኔ አይመስለኝም፤ እሳቱ ባይነሳም ውሃና ኬሚካል የሚጠይቅ ካሜራ ኤሌክትሮንን አይቀድምም።

ግን ሰውየው ዲስክ ላይ ተቸክሎ ቀረ ማለትም ልክ አይደለም። ጦርነቱ ኩባንያውን ከዘጋው በኋላ ቤቱ ውስጥ በራሱ ገንዘብ ሠርቶ በኦገስት 1944 ቴሌክሮም የተባለ ባለቀለም የኤሌክትሮን ቲዩብ አሳየ፤ ሁለት ኤሌክትሮን ጠመንጃዎች በአንድ ስክሪን ሁለት ገጽ ላይ የሚተኩሱበት ነው። ለፋብሪካ አልበቃም። በጦርነቱ የተቋረጠው የቢቢሲ ቴሌቪዥን ጁን 7 ቀን 1946 ተመልሶ ተከፈተ፤ ቤርድ በሳምንቱ፣ ጁን 14፣ በ57 ዓመቱ ሞተ። የተቀበረው ሄለንስበርግ ነው።

እንግሊዝ አገር በ1975 የተመሠረተ የጠባብ ሞገድ ቴሌቪዥን አማተሮች ማኅበር አለ፤ የቤርድን ዓይነት መሣሪያ እየሠሩ ይለዋወጣሉ። አሁን በኒዮን ፈንታ ኤል ኢ ዲ፣ በእጅ በሚዞር ማስተካከያ ፈንታ እንደ አርዱዪኖ ያለ ርካሽ ሰሌዳ መጠቀም ይቻላል። ዲስኩን በደቂቃ 750 ዙር ላይ አጽንቶ ማቆየቱ ግን እኛም ስንሞክረው ከሁሉ አስቸጋሪው ሥራ ነበር።