ሻርል ኦጉስቲን ደ ኩሎምብ

ሻርል ኦጉስቲን ደ ኩሎምብ (ከጁን 14 ቀን 1736 እስከ ኦገስት 23 ቀን 1806 እ.ኤ.አ. የኖረ) የፈረንሳይ ወታደራዊ መሐንዲስና የፊዚክስ ተመራማሪ ነበር። ብዙ ተማሪዎች ስሙን የሚያውቁት በኤሌክትሪክ ቻርጅ መለኪያ ነው። ሆኖም ቀደም ብሎ ዝና ያተረፈው በሰበቃ ላይ ባደረገው ጥናት ነበር። አንድ ዕቃ ሳይንሸራተት እስከ ምን ድረስ ሊፋጠን እንደሚችል የሚሰላው እሱ በሙከራ ባረጋገጣቸው ሕጎች ነው።

ሕይወቱ

ኩሎምብ የተወለደው በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ በአንጉሌም ከተማ ነው። በሜዚየር የነበረውን የንጉሡን የምሕንድስና ትምህርት ቤት በ1761 እ.ኤ.አ. አጠናቀቀ። በ1764 በካሪቢያን ባሕር ወደምትገኘው ማርቲኒክ ደሴት ተልኮ ለ8 ዓመታት ያህል በቡርቦን ምሽግ ግንባታ ላይ ሠራ። በደሴቲቱ ደጋግሞ በመታመሙ ጤናው ተጎዳ፤ ወደ አገሩ የተመለሰውም በ1772 ነው። በሥራው ላይ ያጋጠሙትን የግንብ፣ የምሰሶና የአፈር ግፊት ጥያቄዎች በሒሳብ ተንትኖ በ1773 ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ አቀረበ።

የሰበቃ ጥናት

አካዳሚው ለመርከብ ሥራ የሚጠቅም የሰበቃና የገመድ ግትርነት ጥናት ላቀረበ ሰው ሽልማት እንደሚሰጥ አስታውቆ ነበር። ኩሎምብ በ1779 በሮሽፎር ወደብ ሲመደብ የመርከብ መሥሪያውን እንደ ቤተ ሙከራ ተጠቀመበት። ሸክም የተጫነበትን ተንሸራታች እንጨት በጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ በገመድ በተንጠለጠለ ክብደት እየሳበ መቼ እንደሚነቃነቅ መዘገበ። በ1781 ሽልማቱን አሸነፈ፤ በዚያው ዓመትም የአካዳሚው አባል ሆነ።

ሰበቃ ከሸክሙ ክብደት ጋር እንደሚያድግና በሚነካካው ገጽ ስፋት እንደማይወሰን ጊዮም አሞንቶን በ1699 አሳይቶ ነበር። ኩሎምብ ይህን በሰፊ ሙከራ አጠናከረ። በተጨማሪም የቆመን ነገር ለማስነሳት የሚያስፈልገው ኃይል፣ አንዴ የተነሳውን ለማንሸራተት ከሚያስፈልገው እንደሚበልጥ በግልጽ ለየ።

የፍጥንጥነት ጣሪያ

ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደው መንገድ በሁምቦ ወረዳ፣ በጠበላ ከተማ በኩል ያልፋል። በዚህ መንገድ ያልታሰረ የእንጨት ሣጥን የጫነ መኪና ፍሬን ቢይዝ፣ ሣጥኑን አብሮት እንዲቆም የሚያደርገው የመኪናው ወለል ሰበቃ ብቻ ነው። ይህ ሰበቃ እንደ አስፈላጊነቱ ከዜሮ ጀምሮ ያድጋል፤ ነገር ግን ጣሪያ አለው። በሜዳማ መንገድ ጣሪያው የሰበቃ ቁጥሩ በሣጥኑ ክብደት ተባዝቶ የሚገኘው ነው።

ሣጥኑን ለማቆም የሚያስፈልገው ኃይልም ግዝፈቱ በፍጥንጥነቱ ተባዝቶ ይገኛል። ክብደትም ራሱ ከግዝፈት ስለሚመጣ፣ ሁለቱ ሲነጻጸሩ ግዝፈቱ ይጣፋል። ስለዚህ ከፍተኛው ፍጥንጥነት የሰበቃ ቁጥሩ በ9.8 ሜትር በሰከንድ ካሬ ሲባዛ የሚገኘው ብቻ ነው። የሰበቃ ቁጥሩ 0.4 ከሆነ ጣሪያው 3.9 ሜትር በሰከንድ ካሬ ገደማ ይሆናል። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 10 ሜትር የሚሄድ መኪና በ3 ሰከንድ ቢቆም 3.3 ያህል ስለሚያስፈልግ ሣጥኑ አይነቃነቅም። በ2 ሰከንድ ቢቆም ግን 5 ያስፈልጋል፤ ሣጥኑም ወደ ፊት ይንሸራተታል።

ከዚህ እንደሚታየው ከባድ ጭነት አይንሸራተትም የሚለው ግምት ስህተት ነው። በቁልቁለት ላይ ደግሞ የሰበቃው ከፊል ጭነቱን ከመውረድ ለመያዝ ስለሚውል ጣሪያው የበለጠ ዝቅ ይላል። ጭነቱ አንዴ ከተነሳ የሚይዘው ሰበቃ ይቀንሳልና በጋቢናው ወይም በላዩ በተቀመጠ ሰው ላይ አደጋ ያደርሳል። ጭነት በገመድ ወይም በሰንሰለት የሚታሰረውም ለዚሁ ነው።

የኋላ ዘመኑ

ኩሎምብ በ1785 በቀጭን ሽቦ መጠምዘዝ ላይ በተመሠረተ ሚዛን የኤሌክትሪክ ቻርጆችን መሳሳብና መገፋፋት ለካ፤ ሕጉም በስሙ ይጠራል። በፈረንሳይ አብዮት ዘመን ከሠራዊቱ ለቆ በብሉዋ አካባቢ ወደነበረው ርስቱ ሄደ። አካዳሚው በ1793 ተዘግቶ ነበር፤ በምትኩ ብሔራዊ ተቋም በ1795 ሲመሠረት ኩሎምብ አባል ሆኖ ተመረጠ። ከ1802 ጀምሮ የሕዝብ ትምህርት ዋና ተቆጣጣሪ ሆኖ አገለገለ። በ1806 በፓሪስ አረፈ። ስሙ በኤፍል ማማ ላይ ከተቀረጹት 72 ስሞች አንዱ ነው።