የፍሬምናጦስን መርከብ ማን ሰበረው?

ባለፈው ቅዳሜ ከቦሌ ወደ ገርጂ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠ ልጅ ስልኩ ላይ የቀይ ባሕርን ኮራል ያያል። ቢጫ፣ ቀይ፣ ወይን ጠጅ… የመስቀል ሰሞን መስክ ውኃ የገባ ነው የሚመስለው። እኔም አንገቴን አስግጌ አብሬው አየሁ። ያኔ ማን ትዝ አለኝ መሰላችሁ? ፍሬምናጦስ።

አዎ፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንላቸው። ልጅ ሆኜ ስሰማ መርከቡ ቋጥኝ መትቶት ተሰባበረ፣ እሱና ወንድሙ በሳንቃ ተንሳፈው ተረፉ ተብዬ ነበር። ለካ ነገሩ ሌላ ነው።

ታሪኩን የጻፈው ሩፊኖስ ነው፤ የሰማውም አብሮ ከተረፈው ከኤዴስዮስ። ሁለቱ ልጆች በዛሬዋ ሊባኖስ ካለችው ከጢሮስ ናቸው። ሜሮፕዮስ የተባለ ፈላስፋ ዘመዳቸው እያስተማረ ይዟቸው ሄደ። ሲመለሱ ውኃና ስንቅ ሊሞሉ ወደብ ላይ ቆሙ። መርከቡ ደህና ነበር፤ ኮራሉም አልነካውም። ጣጣው የመጣው ከየብስ ነው። የአካባቢው ሰዎች ከሮማውያን ጋር የነበራቸው ውል ፈርሶ ስለነበር ተሳፋሪውን ሁሉ ፈጁት። ልጆቹ ግን ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው ሲያጠኑ ተገኙ። አሳዘኗቸውና ወደ ንጉሡ ወሰዷቸው።

ኤዴስዮስ የንጉሡ መጠጥ አሳላፊ ሆነ፤ ፍሬምናጦስ ሒሳቡና ጽሕፈቱ ተሰጠው። ንጉሡ ሲሞት ነጻ ለቀቃቸው። ንግሥቲቱ ግን ልጇ እስኪያድግ እንዲያግዟት ለመነቻቸው፤ ቀሩ። ፍሬምናጦስም ክርስቲያን ነጋዴዎችን እየፈለገ የጸሎት ቦታ እንዲሠሩ አገዛቸው።

አልጋ ወራሹ ሲያድግ ሁለቱም ተሰናበቱ። ኤዴስዮስ ቤተሰቡ ናፍቆት ጢሮስ ገባ። ፍሬምናጦስ ግን እስክንድርያ ሄዶ ለዚያ አገር ጳጳስ እንዲላክ አትናቴዎስን ጠየቀ። አትናቴዎስም ከራሱ ከጠያቂው የተሻለ ሰው አላገኘም። ሾሞ መለሰው።

ከዚህ በኋላ አንቱ ማለት ግድ ነው። እስኪ አስቡት፤ አሳዳጊያቸው ወደታረደበት አገር፣ ማንም ሳያስገድዳቸው ተመለሱ! በዘመናቸው የኢዛና ሳንቲም ላይ የነበረው የጨረቃ ምልክት በመስቀል ተተካ። እ.ኤ.አ. በ356 ገደማ የሮማው ቄሣር ቆስጠንዮስ ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ ፍሬምናጦስ እስክንድርያ መጥተው እንዲመረመሩ ጠየቀ። ያ ዛፍ ሥር የተገኘ ልጅ የቄሣር ራስ ምታት ሆነ ማለት ነው።

ኮራሉ ንጹሕ ነው እያልኩ አይደለም። ያ ባሕር ብዙ መርከብ በልቷል። ዳህላክ አካባቢ ጥቁር አሳርካ በምትባል ደሴት አጠገብ በአክሱም ዘመን የሰጠመ የመርከብ ጭነት ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ጠላቂ አርኪዮሎጂስቶች አጥንተውታል። የተገኙት ማሰሮዎች አክሱም ከተማ ከተገኙት ጋር አንድ ዓይነት ናቸው፤ የተሠሩትም በዛሬዋ አቃባ ነው።

ኮራል ድንጋይ ይምሰል እንጂ ጥቃቅን እንስሳት ለብዙ ሺህ ዓመት የገነቡት ቤት ነው። ዛሬ ጠባቂ የሚፈልገው እሱ ሆኗል። ግብፅ ራስ መሐመድን እ.ኤ.አ. በ1983 ከልላዋለች፤ ጅቡቲም የሙሻና የማስካሊ ደሴቶችን ኮራል በሕግ ትጠብቃለች።

ወደ ታክሲው ልመልሳችሁ። ልጁ በጣቱ ገፋ አደረገና ቀጣዩ ቪዲዮ መጣ፤ ሰው የታጨቀበት ጀልባ። ቶሎ አሳለፈው። እኔ ግን ከዓይኔ አልጠፋም። በመስከረም 2017 ጅቡቲ ዳርቻ ከየመን ስደተኞች ጭነው የመጡ ሁለት ጀልባዎች ላይ በደረሰው አደጋ ከ40 በላይ ሰው ሞቷል። ተሳፋሪዎቹ ባሕሩ ላይ በግድ እንዲወርዱ መደረጋቸው ተነግሯል። ያኔም ቋጥኙ አልነበረም፤ ዘንድሮም አይደለም። ሰው ነው።

ሁለቱን ልጆች ያተረፋቸውም ሰው ነው። ከዚያ ሁሉ ገዳይ መሃል አንድ ሰው ዛፍ ሥር ያሉትን አይቶ እጁን ባይሰበስብ ኖሮ አባ ሰላማ የሚባል ስም አይኖረንም ነበር። የዚያን ሰው ስም የጻፈልን የለም።

ገርጂ ስንደርስ ልጁ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ወረደ። ከሃያ ዓመት አይበልጥም።