የአምስት ፓውንዱ ብድር

የፈጠራ ባለቤትነት መብት ሲነሳ ለብዙዎቻችን የሚታየን ነጭ ካፖርት የለበሰ ተመራማሪ ወይም ጠበቆቹን ያሰለፈ ትልቅ ኩባንያ ነው። እኔ ግን ስለ ፓተንት ጥቅም የሚጠይቀኝ ሰው ሲገጥመኝ የማነሳው የሊቨርፑሉን የሒሳብ ሠራተኛ ፍራንክ ሆርንቢን ነው። ሰውየው ምሕንድስና አልተማረም። ለልጆቹ መጫወቻ የሚሠራ አባት ነበር።

ሆርንቢ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1863 ነው። በ16 ዓመቱ ትምህርት አቁሞ በነጋዴው አባቱ ዘንድ ገንዘብ ያዥ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1899 አባቱ ሲሞቱ ንግዱ ተዘጋና ዴቪድ ኤሊዮት የተባሉ ሥጋ አስመጪ ዘንድ ሒሳብ ሠራተኛ ሆኖ ገባ። ከሥራ መልስ ቤቱ ውስጥ ቆርቆሮ እየቆረጠ ለልጆቹ ለሮላንድና ለዳግላስ ድልድይ፣ መኪናና ክሬን ይሠራላቸው ነበር።

ችግሩ ለእያንዳንዱ መጫወቻ ሁሉንም አካል እንደ አዲስ መቁረጡ ነው። መፍትሔው ሲገኝ ቀላል ሆነ። በየግማሽ ኢንቹ የተበሱ ብረቶች በብሎን ከተያያዙ፣ ዛሬ ክሬን የሆነው ነገ ተፈትቶ ድልድይ ይሆናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይኸው ነው።

ሐሳቡ ነበር፤ ማስመዝገቢያው ገንዘብ ግን አልነበረም። አምስት ፓውንድ ያበደሩት አሠሪው ኤሊዮት ናቸው። በዚያ ብድር እ.ኤ.አ. በ1901 ፓተንቱን አወጣ። ኤሊዮት በዚህ አላበቁም፤ ከቢሯቸው አጠገብ መሥሪያ ቦታ ሰጡት፣ ሸሪክም ሆኑ። መካኖ የሚለው የንግድ ምልክት እ.ኤ.አ. በ1907 ተመዘገበ፤ በዓመቱ ኩባንያው ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1914 ደግሞ ሊቨርፑል ቢንስ ሮድ ላይ ፋብሪካ ተከፈተ።

ፓተንት ግን አጥር እንጂ ምሽግ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ተመሳሳይ መጫወቻ የሚያመርቱና የሚሸጡ ሲነሱ ሙግቱ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘለቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1920 መካኖ በዚያ ችሎት የጠየቀውን ጊዜያዊ እግድ ሳያገኝ ቀረ። ሆርንቢ በሙግቱ ላይ አልተኛም። በዚያው ዓመት የአሻንጉሊት ባቡሮቹን ለገበያ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1931 የፓርላማ አባል ሆነ። በ1934 ዲንኪ የተባሉት ከብረት ቅይጥ የሚቀረጹ ትንንሽ መኪኖች ስማቸውን አገኙ። እርሱ በ1936 አረፈ፤ ፋብሪካው በ1979 ተዘጋ።

የሥራው ዕድሜ ግን ከፋብሪካው በለጠ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከተሠሩት የዲንኪ መኪኖች ብዙዎቹ፣ ዚንኩ ውስጥ እርሳስ ስለተቀላቀለበት፣ በጊዜ ብዛት እየተሰነጠቁ ይፈርሳሉ። ሰብሳቢዎችም ደህና የቀረውን አካል ይወስዱና የሲሊኮን ጎማ አፍስሰውበት ቅርጹን ያወጣሉ። ከዚያ ሬዚን የሚባለውን፣ ሁለት ፈሳሽ ሲደባለቅ የሚጠጥረውን ፕላስቲክ፣ ቅርጹ ውስጥ አፍስሰው ጎማውን ወይም መከላከያውን እንደገና ይሠራሉ። ጢሱና ብናኙ ለሳንባ ስለማይበጅ መስኮት ከፍቶ መሥራት ግድ ነው። በሕግ ዓይን የራስን መኪና ለመጠገን አንድ አካል መቅረጽና የሌላውን ንድፍ አባዝቶ መሸጥ አንድ አለመሆናቸውን ግን አማተሮቹ ቢያስታውሱት ይበጃል።

እኛም ዘንድ ከሽቦና ከቆርቆሮ መኪና የሚሠሩ፣ መሪውን አስረዝመው አስፋልት ዳር የሚነዱ ልጆች ሞልተዋል። ሕግ አውጪያችንም ቢሆን ነገሩን አስቦበታል፤ በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 123/1987 ከትልልቅ ፈጠራዎች ጎን ለአነስተኛ ፈጠራዎች የራሳቸውን ጥበቃ ሰጥቷል። ነገር ግን አዋጅ የማመልከቻ ክፍያ አያበድርም፤ መሥሪያ ቦታም አይሰጥም። ይህን ያደረጉት ለሥጋ ንግድ የቀጠሩት ሠራተኛ ማታ ማታ ቆርቆሮ እንደሚቆርጥ ሲያውቁ ያልሳቁበት ኤሊዮት ናቸው።

ሠራተኛ የምታስተዳድሩ አንባቢዎቼ፣ ከመሥሪያ ቤታችሁ ሰዎች ማን ከሥራ መልስ ምን እንደሚሠራ በዚህ ሳምንት ጠይቁ። የሚፈልገው ብድር ከምትገምቱት ያነሰ ሊሆን ይችላል።