ቤተ መንግሥቱ የደበቀው ሕመም፦ የአጼ ምኒልክ የመጨረሻ ዓመታት

ፒያሳ ጊዮርጊስ ጋ ያለውን የፈረስ ሐውልት የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። ዳግማዊ አጼ ምኒልክ እዚያ ላይ ሁሌም ጎበዝ፣ ሁሌም ብርቱ ናቸው። የሕይወታቸው መጨረሻ ግን እንደዚያ አልነበረም። ንጉሡ ዓመታትን የጨረሱት አልጋ ላይ ነው፣ ሞታቸውም ለሕዝብ አልተነገረም። ዛሬ ስለዚህ እናውራ።

ባጭሩ ከመጀመሪያው እንነሳ። ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት ሲሞቱ ገና ልጅ ነበሩ፤ አጼ ቴዎድሮስ ወሰዷቸውና መቅደላ ላይ አደጉ። በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገቡ፣ ነገሡም። በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሆነውን መቼም እኛ አንነግራችሁም፣ ዓድዋ ነው።

ከድሉ በኋላ ያለው ጊዜ የአራዳ ጊዜ ነው። ገበያው እዚህ ደራ፣ የእቴጌ ሆቴል ተከፈተ፣ የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ስልኩም፣ መኪናውም፣ የባቡሩም ሐዲድ የእሳቸው ጉጉት ውጤት ነው። አዲስ ነገር ሲያዩ እንደ ልጅ ይጓጉ ነበር። መድኃኒትና ሕክምናም እንዲሁ ይስባቸው ነበር፤ ዛሬም በስማቸው የሚጠራ ሆስፒታል አለን።

ታዲያ እንዲህ ያለው ሰው መድከም ጀመረ። የሚያምኗቸው የአክስታቸው ልጅ ራስ መኮንን በመጋቢት 1898 ዓ.ም. አረፉ፤ ሐዘኑ ከባድ ነበር። በዚያው ሰሞን ንጉሡን የመጀመሪያው ቀለል ያለ ስትሮክ መታቸው። ከዚያ ሌላ መጣ። የውጭ ሐኪሞች ተጠሩ፣ ጠበልም ፍለጋ እስከ ደብረ ሊባኖስ ተኬደ። ከተማው ውስጥ ደግሞ መርዝ አብልተዋቸው ነው የሚል ወሬ ተናፈሰ።

ንጉሡ ራሳቸው ግን ነገሩ የገባቸው ይመስላል። በ1900 ዓ.ም. መጀመሪያ ሚኒስትሮችን ሾሙ፤ በግንቦት 1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ወራሽ መሆኑን በአዋጅ አስነገሩ። ማስታወስና መናገር ሳያቅታቸው ቤታቸውን አሰናዱ ማለት ነው። በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ከባዱ ስትሮክ መጣ። ሰውነታቸው ሽባ ሆነ፣ አንደበታቸውም ተያዘ።

ከዚያ ወዲያ አገር የሚመራው ማነው? እቴጌ ጣይቱ በባላቸው ስም ትእዛዝ ይሰጡ ጀመር፤ መኳንንቱ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ከሥልጣን አራቋቸው። እንደራሴው ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው በሚያዝያ 1903 ዓ.ም. ሞቱ። ጣይቱ ግን ከባላቸው አልጋ አልራቁም፣ እስከ መጨረሻው አስታመሙ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ንጉሡ አረፉ። ነጋሪት አልተጎሰመም፣ ለቅሶ አልተቀመጠም። አስከሬናቸው እዚያው ግቢ ውስጥ በድብቅ ተቀመጠ። በወግ ያረፉበትን የበአታን መካነ መቃብር ኋላ ያሠሩት ልጃቸው ንግሥት ዘውዲቱ ናቸው።

አሁን ወደ ዛሬ እንምጣ። ምኒልክ መታመም በጀመሩበት ሰሞን፣ በ1899 ዓ.ም.፣ አሎይስ አልዛይመር የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም የአንዲት ሴት አእምሮ ውስጥ ያየውን ለባልደረቦቹ አቀረበ። ያየው ግን ሴትየዋ ከሞተች በኋላ፣ አንጎሏን በአጉሊ መነጽር መርምሮ ነው። በዚያ ዘመን የአንጎል ሕመም በቁም አይታይም ነበር። የንጉሡ ሕመም የደም ሥር እንጂ አልዛይመር አይደለም፤ ችግሩ ግን አንድ ነው፦ ሐኪሙ ከውጭ ያያል እንጂ ውስጡን አያውቅም። ሐኪም ካላወቀ ደግሞ ቦታውን ወሬ ይይዘዋል።

ዛሬ ሳይንቲስቶች ይህንን ከደም ጠብታ ለማወቅ እየሠሩ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የነርቭ ሕዋስ ሲጎዳ ስብርባሪው ወደ ደም ይገባል። ኒውሮፊላመንት ላይት የሚባለው ፕሮቲን በስትሮክም፣ በሌሎች የነርቭ ሕመሞችም ጊዜ ከፍ ይላል፤ ጉዳት አለ ይላል እንጂ የትኛው በሽታ እንደሆነ ለብቻው አይናገርም። ፒ-ታው 217 የሚባለው ደግሞ ወደ አልዛይመር ይጠቁማል። መጠናቸው በጣም ትንሽ ስለሆነ እስከ ቅርብ ጊዜ በደም ውስጥ መለካት አይቻልም ነበር፤ ወይ ከጀርባ አጥንት ፈሳሽ ይቀዳል፣ ወይ ውድ የአንጎል ምስል ይነሳል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ለአልዛይመር የሚረዳ የመጀመሪያውን የደም ምርመራ ፈቀደ። ምርመራው ምልክት ላለባቸው ሰዎች ነው፣ ከሐኪም ምርመራ ጋር እንጂ ብቻውን አይበቃም። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ላይም ውጤቱ ሊዛባ ይችላል።

ይሄ ምርመራ ሰፈራችን እስኪደርስ እጃችን ላይ ያለ ነገር አለ፦ የደም ግፊት መለኪያ። የስትሮክ ዋናው መንስኤ ግፊት ነው፣ ለመለካትም ደቂቃ አይፈጅም። አባታችሁ ስም እየረሱ ከሆነ፣ እማዬ አፏ ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ ወይም እጇ ድንገት ከዛለ፣ እርጅና ነው፣ ዓይነ ጥላ ነው ብላችሁ አትደብቁ። በተለይ ስትሮክ ሰዓት አይሰጥም፣ በዚያው ቅጽበት ሆስፒታል ውሰዷቸው።

የምኒልክ ቤት ሕመሙን የደበቀው አገር እንዳይናወጥ ፈርቶ ነው። አገሩ ግን ተናወጠ። እኛ ቤት ለመደበቅ ምን ምክንያት አለን? እናንተ ቤትስ እንዲህ ያለ ሕመም ገጥሟችሁ ያውቃል? ኮሜንት ላይ ንገሩን፣ ለወንድም ለእህቶቻችሁም አጋሩት።