አንቷን ዳባዲ፤ ምድርን በከዋክብት የለካ ሰው

በጋሸና ደጋ፥ ክረምቱ አልፎ ደመናው ከሰማይ ሲገለጥ፥ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከዋክብት እጅግ ቀርበው የተሰቀሉ ይመስላሉ። እረኛውና ገበሬው የንጋትን ኮከብ ለይተው ያውቃሉ፤ ሌሊቱም ምን ያህል እንደ ቀረ በእርሱ ይገምታሉ። ነገር ግን ኮከብን በመሣሪያ ለክቶ፥ የቆሙበት ስፍራ ከምድር ወገብ ምን ያህል እንደሚርቅ ማወቅ ሌላ ሙያ ነው። ይህን ሙያ ይዞ በአገራችን ደጋና ቆላ ብዙ ዓመት የተመላለሰ አንድ ሰው ነበረ፤ ስሙም አንቷን ዳባዲ ይባላል። (በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚነገረው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ዳባዲ በ1810 ዓ.ም. በአየርላንድ፥ ደብሊን በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ከፈረንሳይ የባስክ ወገን፥ እናቱም አየርላንዳዊት ነበሩ፤ ገና ልጅ ሳለ ቤተ ሰቡ ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ። በ1836 ዓ.ም. የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ የምድርን የመግነጢስ ኀይል ይመረምር ዘንድ ወደ ብራዚል ላከው። ከዚያም ከተመለሰ በኋላ በ1838 ዓ.ም. ከታናሽ ወንድሙ ከአርኖ ጋር በምጽዋ ወደብ ወረደ።

የሁለቱ ወንድማማቾች ጠባይ አይመሳሰልም ነበር። አርኖ ፈረስና ጦር የሚወድ ስለ ነበረ ከጎጃሙ ከደጃዝማች ጎሹ ጋር ተወዳጀ። አንቷን ግን ልቡ በመጽሐፍና በመሣሪያ ላይ ነበረ። ጎንደር ከደረሰ በኋላ፥ ይዞት የመጣው መሣሪያ ላሰበው ሥራ እንደማይበቃ አየ። ሌላ ሰው ቢሆን፥ እዚህ ድረስ ከደከምሁ በኋላ ምን ልመለስ ብሎ፥ የጐደለውን በግምት እየሞላ በጻፈ ነበር። እርሱ ግን ያን ሁሉ አቀበትና በረሃ፥ ያንም ባሕር ዳግመኛ ተሻግሮ ወደ አገሩ ሄደ፤ የተሻለ መሣሪያ ይዞም በ1840 ዓ.ም. ተመልሶ መጣ። እኔስ ካገኘው ክብር ሁሉ ይልቅ ይህን መመለሱን አደንቃለሁ።

ከዚያ ወዲያ እስከ 1848 ዓ.ም. ድረስ በኢትዮጵያ ተቀመጠ። የአገሩን ልብስ ለበሰ፤ በባዶ እግሩ ሄደ፤ ሰዎችም ስሙን ወደ አፋቸው መልሰው አባ ድያ አሉት። ለማየት የመጣው ሰው በመካከል ዐይኑን ታሞ ብዙ ተቸገረ፤ ሆኖም ሥራውን አልተወም።

ሥራውም እንዲህ ነበረ። ከአንድ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ቴዎዶሊት የሚባለውን፥ ማዕዘን የሚለካ ባለ መነጽር መሣሪያ ያቆማል፤ በዙሪያው የሚታየውን ተራራ ሁሉ በየት አቅጣጫ እንዳለ ለክቶ ይጽፋል። ከዚያ ወደ ሌላ ኮረብታ ሄዶ ያንኑ ተራራ እንደ ገና ይለካል። ሁለቱ መስመሮች በወረቀት ላይ ሲሳቡ የሚገናኙበት ነጥብ የተራራው ስፍራ ነው። ለምሳሌ ከጋሸና ወደ ላሊበላ የሚወርድ መንገደኛ የአቡነ ዮሴፍን ተራራ አሻግሮ ያያል፤ በዚህ ዘዴ ጫፉ ላይ ሳይወጣ ስፍራውን በካርታ ሊያስቀምጠው ይችላል። ኮረብታው ራሱ በምድር ላይ የት እንዳለ ግን የሚታወቀው ከሰማይ ነው፤ ስለዚህ ሌሊት ኮከብ ከፍ ብሎ መካከለኛውን መስመር ሲያልፍ ከፍታውን ይለካ ነበር።

የአገርን ከፍታ ለማወቅ ደግሞ ውሃ ያፈላ ነበር። ይህ ነገር ተረት ይመስላል፤ ነገር ግን የደጋ እናቶች የባቄላ ንፍሮ ከቆላው ይልቅ በደጋ ዘግይቶ እንደሚበስል ያውቃሉ። ወደ ላይ በወጡ መጠን አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ ፈጥኖ፥ በትንሽ ሙቀት ይፈላል። በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ፥ 2500 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በላሊበላ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ ጥሩ የሙቀት መለኪያና አንድ ድስት ውሃ ያለው ሰው የቆመበትን ተራራ ከፍታ መገመት ይችላል።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ጠንቃቃ ሰው አይሳሳትም እንዳይባል፥ አንድ ትልቅ ስሕተት ሠራ። በ1846 ዓ.ም. ከወንድሙ ጋር ወደ ጊቤ ወንዝ ምንጭ ደርሶ፥ ይህ የነጭ ዓባይ መነሻ ነው ሲል ለዓለም አስታወቀ። ቻርልስ ቢክ የተባለው እንግሊዛዊ ተጓዥ አጥብቆ ተቃወመው፤ ክርክሩም ለብዙ ዓመታት ቆየ። ኋላ እንደ ተረጋገጠው የጊቤ ውሃ ወደ ኦሞ፥ ኦሞም ወደ ቱርካና ሐይቅ ይገባል፤ ከዓባይም ጋር አይገናኝም። ስሕተቱ ከመሣሪያው አልመጣም። የለካውን ስፍራ በሚገባ ለክቶአል፤ ወንዙ ከዚያ ወዲያ የሚሄድበትን፥ በዐይኑ ያላየውን መንገድ ግን በምኞቱ ሞላው። መሣሪያ ፍለጋ ከጎንደር ወደ አገሩ የተመለሰው ያው ሰው መሆኑ ያስገርማል።

አገሩ ከገባ በኋላ ልኬቱን ሁሉ ከ1860 እስከ 1873 ዓ.ም. አሳተመ፤ በ1881 ዓ.ም. ደግሞ የአማርኛ መዝገበ ቃላት አወጣ። የሰበሰባቸው ከ200 የሚበልጡ የብራና መጻሕፍት ዛሬ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ሰማይ ማየቱንም አልተወም፤ በ1882 ዓ.ም. የ72 ዓመት ሽማግሌ ሳለ፥ ዝሁራ የተባለችው ኮከብ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ለማየት ባሕር ተሻግሮ ወደ ሃይቲ ሄደ።

በውቅያኖስ አጠገብ፥ አንዳይ በሚባል ስፍራ ትልቅ ቤት ሠርቶ በውስጡ ከዋክብት የሚታዩበት ክፍል አበጀ። በግድግዳው ላይ የኢትዮጵያን ኑሮ አሳለ፤ በምግብ ቤቱ ወንበሮች ጀርባም የአማርኛ ፊደል አስቀረጸ። የአየር ብርሃንን ማጉበጥ ለማጥናት ሲልም፥ ላሩን የተባለው ተራራ በቀጥታ ይታይ ዘንድ የቤቱን ግድግዳዎች በአንድ መስመር አስበሳ። ፈተናው ግን አልያዘም። ቀዳዳውን በልስን ደፍኖ ነገሩን መሰወር በቻለ ነበር። እርሱ ግን በዚያው ቀዳዳ ላይ፥ ምንም እንዳልታየና ምንም እንዳልተማረ በባስክ ቋንቋ አስጻፈበት።

በ1895 ዓ.ም. ቤቱን ለሳይንስ አካዳሚ አወረሰ፤ በሃምሳ ዓመት ውስጥ የ500000 ከዋክብት መዝገብ እንዲሠራም አደራ ሰጠ። ይህን ያህል ሥራ እርሱ በሕይወቱ እንደማያየው ያውቅ ነበር። በመጋቢት 1897 ዓ.ም. በፓሪስ ዐረፈ፤ በቤቱ ጸሎት ቤትም ተቀበረ። ከእርሱ በኋላ ቤቱን የያዙት የከዋክብት ተመልካቾች፥ ከእነርሱም ብዙዎቹ ካህናት ነበሩ፥ ሌሊት እየተነሡ ኮከብን ከኮከብ እየለዩ ሲመዘግቡ እስከ 1975 ዓ.ም. ድረስ ቆዩ።