ከሰንበት እስከ ስንብት፦ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ እና የዘወትር ሃይማኖታዊ ቃላት ፍቺ

አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በኢትዮጵያ የመዝገበ ቃላት ታሪክ ስማቸው በቀዳሚነት ከሚነሣ ሊቃውንት አንዱ ናቸው። ይሁን እንጂ ሥራቸው ብዙ ጊዜ የሚታወሰው የፊደል ክርክር ሲነሣ ብቻ ነው፤ ቃሉ በሃሌታው ‹ሀ› ነው ወይስ በሐመሩ ‹ሐ› የሚለውን ለመወሰን መጽሐፋቸው ይገለጣል፣ መልሱ ይታያል፣ ይከደናል። ሊቁ ዕድሜያቸውን የሰጡለት ጉዳይ ግን ከአጻጻፍ ሥርዐት የሰፋ ነበር። ሕዝብ በየዕለቱ የሚያነሣቸው ቃላት፣ በተለይም ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤትና ወደ ገበያ የወጡት፣ ከግዕዝ ምንጫቸው ምን ያህል እንደራቁ መለካት የሚቻለው የምንጩ ፍቺ ተጠብቆ ሲገኝ ነው። ኪዳነ ወልድ ያቆዩት ይህንን ነው።

በሸዋ ተወልደው የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት የተማሩት ኪዳነ ወልድ በወጣትነታቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተሻገሩ፤ በዚያም ሦስት ዐሥርት ዓመታት ገደማ ኖሩ። ዕብራይስጥ፣ ሱርስትና ዐረብኛ በአንድ ከተማ በሚሰሙበት በዚያ ስፍራ የግዕዝን ቃል ከእኅት ቋንቋዎች ጋር እያስተያዩ መመርመርን ለመዱ። መምህራቸው ክፍለ ጊዮርጊስ በሮም ከኢኛሲዮ ጉዊዲ ጋር የሠሩና በ1901 እ.ኤ.አ. ለታተመው የአማርኛና ጣሊያንኛ መዝገበ ቃላት ዕውቀታቸውን የለገሱ ሊቅ ነበሩ። በዚያ ዘመን የግዕዝ ታላቅ መዝገበ ቃላት የአውግስጦስ ዲልማን ሥራ ሲሆን ፍቺው በላቲን የተጻፈ ነው፤ በ1865 እ.ኤ.አ. የታተመው ይህ መጽሐፍ ላቲን ለማያውቅ የአገሩ ተማሪ የተዘጋ በር ነበር። ክፍለ ጊዮርጊስ ፍቺው በአማርኛ የሆነ የግዕዝ መዝገበ ቃላት ጀመሩ፤ ሳይፈጽሙት ዐረፉ። ሥራው ለደቀ መዝሙራቸው ዐደራ ሆነ።

ኪዳነ ወልድ ቃላቱን በአበገደ ተራ እየደረደሩ እያንዳንዱን ከሥሩ ያነሣሉ። የዚህ አካሄድ ጥቅም በተግባር የሚታየው ‹ሰንበት›ን በመሰለ ቃል ላይ ነው። ቃሉ ከዕብራይስጡ ሻባት ጋር አንድ ነው፤ ሥሩም ማቆምን፣ ከሥራ ማረፍን ያመለክታል። በግዕዝ ‹አሰንበተ› ሰንበትን አከበረ ማለት ሲሆን፣ በአማርኛ ‹ሰነበተ› በአንድ ቦታ ጥቂት ቀናት ቆየ ማለት ሆኗል። ሰንበትን ያከበረ እንግዳ በዚያው መቆየቱ ስለማይቀር ዕረፍቱ ተረስቶ ቆይታው ቀረ። እንዴት ሰነበቱ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ዛሬ ስለ ዕለተ ሰንበት አያስብም። ተለያዮች ደኅና ሰንብት ስለሚባባሉ ‹ተሰናበተ› የመለያየት ግስ ሆነ፤ ከዚያም ‹አሰናበተ› ሸኘ፣ ቆይቶም ከሥራ አስወጣ የሚል ፍቺ ያዘ። አንድ ሠራተኛ የስንብት ደብዳቤ ሲደርሰው በእጁ የያዘው የሰንበትን የልጅ ልጅ ነው። ሥራ ማቆም የሚለው ጥንታዊ ሐሳብ ዙሮ መመለሱ የሚያስገርም ነው፤ መንገዱ ግን ከሥሩ ጋር ግንኙነት የለውም፣ የመጣው በመሰነባበቻው ሰላምታ በኩል ነው።

‹ጸበል› ደግሞ ከዚህ የባሰ ርቀት ተጕዟል። በግዕዝ ትቢያ፣ ትቢያና ዐፈር ነው፤ በአማርኛ ግን የተቀደሰ ውሃ ነው። ከቅዱስ ስፍራ የተወሰደ ዐፈር በውሃ በጥብጦ ለበሽተኛ መስጠት የኖረ ልማድ በመሆኑ ስሙ ከዐፈሩ ወደ ውሃው ተሻግሯል ብሎ ማሰብ ያስኬዳል። ‹ጸ› ወደ ‹ጠ› ተለውጦ ‹ጠበል› ከሆነ በኋላም ቃሉ አልቆመም፤ በቅዱሳን በዓል ለጎረቤት የሚቀርበውን ምግብና መጠጥ ጨመረ። ጠበል ቅመስ ተብሎ የተጠራ ሰው ጠላና ዳቦ ይጠብቃል እንጂ ትቢያ አይጠብቅም። ‹ዝክር› እና ‹ተዝካር›ም ተመሳሳይ ጕዞ አላቸው፤ መታሰቢያ የነበሩት ድግስ ሆኑ።

ኪዳነ ወልድ በፊደል ጉዳይ የማይታጠፉ የነበሩትም በዚህ ምክንያት ነው። በግዕዝ ‹መሀረ› አስተማረ፣ ‹መሐረ› ይቅር አለ ማለት ነው። በአማርኛ የጕሮሮ ድምፆች በመጥፋታቸው ሁለቱ ተቀራርበው ‹ተማረ› ከአንዱ፣ ‹ማረ› ከሌላው ወጡ። ለታመመ ሰው እግዜር ይማርህ፣ ለሞተ ሰው ነፍስ ይማር ሲባል የሚሰማው የምሕረቱ ግስ መሆኑን ጆሮ ብቻውን አይነግርም፤ የሚነግረው ፊደሉ ነው። የ‹እግዚአብሔር› ስም ራሱ የአገር ጌታ የሚል ፍቺ ካለው ጥምረት የመጣ ነው። ‹ብሔር› በዘመናዊ ፖለቲካ ቋንቋ ሌላ ነገር ከሆነ ወዲህ በስሙ ውስጥ አገርን የሚሰማ ተናጋሪ ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ ሊቁ ሊተቹ ይገባል። አማርኛውን በግዕዝ ሚዛን ስለሚመዝኑ ለውጡን ብዙ ጊዜ እንደ ስሕተት ያዩታል። ለነዳይ እግዜር ይስጥህ ማለት ምርቃት ሆኖ ሳለ የለኝም የሚል መልስ መሆኑን ሥርወ ቃል አያስረዳም፤ የሚያስረዳው ማን ለማን፣ በምን ጊዜ እንደተናገረው ነው። ሆኖም የመነሻው ፍቺ ባይመዘገብ ኖሮ ለውጥ መኖሩም ባልታወቀ ነበር።

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ የትንቢተ ሕዝቅኤልን ትርጓሜ በ1916 ዓ.ም. በድሬዳዋ አሳተሙ። በዚያች ከተማ በማተሚያ ቤት ይሠሩ የነበሩት ደስታ ተክለ ወልድ ተማሪያቸው ሆኑ። ኪዳነ ወልድም እንደ መምህራቸው ዋና ሥራቸው ታትሞ ሳያዩ በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ። ሁለት ሊቃውንት የሞቱበትን ረቂቅ ደስታ አሟልተው ‹መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ› በሚል ርእስ በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት፤ 900 ገጽ ገደማ ነው። ከዚያም ፊታቸውን ወደ አማርኛው መልሰው የራሳቸውን ‹ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት› በ1962 ዓ.ም. አወጡ። ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ዘርግቶ ‹ሰንበት›ን በመጀመሪያው፣ ‹ሰነበተ›ን በሁለተኛው የሚፈልግ ተመራማሪ የቃሉን መነሻና መድረሻ ከመምህርና ከደቀ መዝሙር እጅ ያገኛል።