ኢያን ዶናልድ፦ ሆድን ሳይከፍቱ ያዩ ሐኪም

ዛሬ የማነሳላችሁ ሰው ፕሮፌሰር ኢያን ዶናልድ ይባላሉ። ድንገት ሆዱን ያመመው ሰው ጄል ተቀብቶ በአልትራሳውንድ እንዲታይ መንገዱን ከጠረጉት ሐኪሞች አንዱ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1910 እንግሊዝ ውስጥ ኮርንዎል ተወለዱ፤ በስኮትላንድና በደቡብ አፍሪካ አደጉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ አየር ኃይል ሐኪም ሳሉ ስለ ራዳርና ሶናር አወቁ። የተላከ ሞገድ ነጥሮ ሲመለስ የተሰወረውን ይጠቁማል፤ ነገሩ ከሐሳባቸው አልወጣም። በ1954 በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የማዋለድ ሕክምና ፕሮፌሰር ሆኑ።

በቀጣዩ ዓመት ከታካሚ ሴቶች ሆድ በቀዶ ሕክምና የወጡ ዕጢዎችን በመኪና ጭነው ሬንፍሩ ወዳለ የቦይለር ፋብሪካ ሄዱ። ፋብሪካው ብረት ውስጥ የተደበቀ ስንጥቅ የሚፈልገው በድምፅ ሞገድ ነበር። በዚያው መሣሪያ ዕጢዎቹን ሲመረምሩ ልዩነቱ ቁልጭ አለላቸው፤ ፈሳሽ የቋጠረውና ድፍኑ የሚመልሱት ድምፅ አንድ አይደለም። በኋላም ከኢንጂነር ቶም ብራውንና ከዶክተር ጆን ማክቪካር ጋር ለሰው የሚሆን መሣሪያ ሠሩ።

መጀመሪያ ላይ ለብዙ ሐኪሞች አልተዋጠላቸውም። ነገሩን የቀየረችው አንዲት ታካሚ ናት። ሆዷ አብጦ፣ በቀዶ ሕክምና የማይነሳ የጨጓራ ካንሰር ነው ተብሎ ተስፋ ተቆርጦባት ነበር። አልትራሳውንዱ ያሳየው ግን ፈሳሽ የሞላበት ትልቅ ከረጢት ነው። ወጣላት፤ ዳነችም። ጥናታቸው በ1958 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ።

ይህን የማወራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ ለስደተኛ ወገኖቼ ሐኪም ቤት አስተረጉማለሁ። ቆረጠኝ፣ ወጋኝ፣ ነፋኝ ስንል አንድ አይደለም፤ በሰው አገር ቋንቋ ግን ሁሉም አመመኝ ሆኖ ይቀራል። ምስሉ የኔን ትርጉም አይጠብቅም። የሐሞት ጠጠርን፣ ከማህፀን ውጪ የተፈጠረ እርግዝናን፣ ብዙ ጊዜም የትርፍ አንጀት መቆጣትን ያሳያል። ጨረር ስለሌለው ለነፍሰ ጡርም ይሆናል። ሁሉን ግን አያሳይም፤ አንጀት ውስጥ ያለ አየር ድምፁን ስለሚያግድ አንዳንዴ ሲቲ ስካን ይታዘዛል።

ፕሮፌሰሩ በ1987 አረፉ፤ ሥራቸው ግን እስከ ትንንሽ ክሊኒኮች ደርሷል። እንግዲህ ወገኖቼ፣ ድንገት ጀምሮ የማይለቅ የሆድ ሕመም፣ በተለይ ከትኩሳት፣ ከትውከት ወይም ከወር አበባ መቅረት ጋር ከመጣ፣ ጨጓራ ነው ብላችሁ ቤት አትቀመጡ። ቶሎ ሂዱ፤ አልትራሳውንድ ያስፈልገኛል ወይ ብላችሁም ጠይቁ። መጠየቅ ነውር የለውም።